ሣሩ አልለመደም

«የማዕድን ማውጫ ዝቃጭ በተከመረበት፣ እርሳስና ዚንክ በበዛበት መሬት ላይ አንዳንድ ሣሮች በቅለው የሚኖሩት እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ በፈተና ወረቀት ላይ በወጣ ቁጥር የማነበው መልስ በአብዛኛው አንድ ነው፦ «ሣሩ ከጊዜ ብዛት መርዙን ስለለመደው»። ይህን የሚጽፉት ትምህርታቸውን ችላ ያሉ ተማሪዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር። ዳሩ ግን የዝግመተ ለውጥን ትርጓሜ በቃላቸው ሊወጡት የሚችሉት ጎበዞችም ያንኑ ይጽፋሉ። ስሕተቱ የእነርሱ ብቻ አይመስለኝም፤ ከእኛ ከመምህራኑና ከምንጠቀምበት ቃልም ጭምር የመነጨ ነው።

«አዳፕቴሽን» የተባለውን ጽንሰ ሐሳብ ወደ አማርኛ ስንመልሰው «መላመድ» አልነው። ቃሉ መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን ይዞት የሚመጣው ሥዕል አለ። ወይፈን ቀንበር ይለምዳል። ደገኛ ቆላ ወርዶ ሲሰነብት ሙቀቱን ይለምዳል። ሕፃን ትምህርት ቤት እያለቀሰ ገብቶ በሳምንቱ ይለምደዋል። በእነዚህ ሁሉ ትናንት ያልቻለውና ዛሬ የቻለው ያው አንዱ ግለሰብ ነው። «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» የሚለው ተረታችንም የሚናገረው ስለ አንድ ሰው ጠባይ ነው። በተበከለው አፈር ላይ የሆነው ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ትናንት ያልቻለው ሣር ዛሬ የለም፤ ሞቷል። ዛሬ ቆሞ የምናየው ከመጀመሪያውም ይችሉ የነበሩት የጥቂቶቹ ዘር ነው።

ለዚህ አባባል ማስረጃ የሚሆነው ታሪክ በዌልስ የተጀመረ ነው። በዚያች አገር እርሳስ፣ ዚንክና መዳብ ለዘመናት ሲቆፈር ኖሮ አብዛኞቹ ማውጫዎች ከተዘጉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። ማዕድኑ ተለይቶ ከተወሰደ በኋላ የቀረው የተፈጨ ድንጋይ ግን በየኮረብታው ሥር እንደ ተከመረ ቀርቷል። በክምሩ ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ የሚደርስ ዚንክ ወይም እርሳስ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ይህም ለተራ ተክል ገዳይ መጠን ነው። ስለዚህ ብዙው ክምር ራቁቱን ነው። እዚህም እዚያም ግን አጫጭር ሣሮች ይታዩበታል። ከእነርሱ አንዱ አግሮስቲስ የተባለው ሲሆን፣ በአካባቢው የግጦሽ መሬት ሁሉ የሞላ፣ ማንም ልብ የማይለው ተራ ሣር ነው።

በ1952 እ.ኤ.አ. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አንቶኒ ብራድሾው የተባለ እንግሊዛዊ የዕፅዋት ተመራማሪ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ከአሮጌ ማውጫ የተወሰደው አግሮስቲስ እርሳስና ዚንክ በበዛበት አፈር ላይ ሲያድግ፣ ከተራ መስክ የተወሰደው ያው ዝርያ ግን እንደማይችል አሳየ። ተከትለው የመጡት ሥራዎች ነገሩን አጠናከሩት። የማውጫው ሣር በንጹሕ አፈር ላይ ተተክሎ ቢከርምም ችሎታው አይጠፋም፤ ከዘሩ የሚበቅሉት ልጆቹም ንጹሕ አፈር ላይ አድገው ሳለ ችሎታውን ይወርሱታል። ነገሩ ልማድ ቢሆን ኖሮ መርዝ አይቶ የማያውቅ ቡቃያ ችሎታውን ከየት ያመጣዋል?

ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን በ1974 የታተመው የብራድሾውና የባልደረቦቹ ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ ማዕድን ከማያውቅ ተራ መስክ የተለቀመ የአግሮስቲስ ዘር ወስደው መዳብ ባለበት የማውጫ ዝቃጭ ላይ በብዛት ዘሩት። ዘሩ በቀለ። ከዚያም የቡቃያው ሥር ማደጉን አቆመ፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ማሳው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞተ። ከሺህ ዘር ምናልባት አንድ ሁለት ብቻ አረንጓዴ እንደሆኑ ቀሩ። እነዚህ የተረፉት ሲለኩ፣ ከእነርሱ አንዳንዶቹ መዳብን የመቋቋም ችሎታቸው ማውጫው ላይ ለብዙ ትውልድ ከኖሩት ሣሮች የማይተናነስ ሆኖ ተገኘ። አንድ ትውልድ፣ አንድ ማጣሪያ፤ በቃ። ችሎታው ከመዳቡ ጋር የመጣ ሳይሆን መዳቡ ሳይመጣ በፊት በመስኩ ውስጥ ተበታትኖ፣ ጥቅምም ሳይሰጥ፣ በጥቂቶች ዘረመል ውስጥ ተቀምጦ የኖረ ነበር።

የዚህ ተቃራኒ ገጽታም ተፈትኗል። በማውጫዎቹ ዙሪያ የሚበቅሉ፣ ዘራቸው በየዓመቱ ዝቃጩ ላይ የሚወድቅ፣ ነገር ግን አንድም ጊዜ ሥር ሰድደው የማያውቁ ዝርያዎች አሉ። የእነርሱም ዘር በብዛት ተዘርቶ ሲታይ የሚተርፍ አልተገኘባቸውም። ጊዜው አላነሳቸውም፤ ጎረቤታቸው አግሮስቲስ ያገኘውን ዘመን ሁሉ አግኝተዋል። ያነሳቸው መነሻ የሚሆን ልዩነት ነው። «ከጊዜ ብዛት» የሚለውን የተማሪዎቼን ሐረግ የምቃወመው ለዚህ ነው። ጊዜ ብቻውን ምንም አይሠራም። የሚመረጥ ነገር በሌለበት ምርጫ የለም።

ልዩነቱ ካለ ደግሞ ሥራው ፈጣን ነው። በሊቨርፑል አቅራቢያ ፕሬስኮት በተባለች ከተማ ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ የሠራ የመዳብ ማጣሪያ ነበር። ከጭሱ የሚወርደው መዳብ በዙሪያው ባሉት የሣር ሜዳዎች ላይ ያርፋል። ሜዳዎቹ በተለያየ ዘመን የተተከሉ በመሆናቸው ለተመራማሪ እንደ ተሰደረ የዘመን መዝገብ ነበሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲጠኑ፣ በአሮጌዎቹ ሜዳዎች ላይ ያለው ሣር መዳብን በእጅጉ የሚቋቋም፣ በአዳዲሶቹ ላይ ያለው ደግሞ ገና በከፊል የደረሰ ሆኖ ተገኘ። ዘር ከምድር ታሪክ አንጻር የሚለካበትን ሚሊዮን ዓመት እርሱት፤ ይህ የሆነው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው።

ከፕሬስኮትም የሚቀርበን ምሳሌ አለ። የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመር የሚሸከሙት የብረት ማማዎች እንዳይዝጉ በዚንክ ይለበጣሉ። ዝናብ ዚንኩን ቀስ በቀስ እያጠበ በማማው እግር ሥር ያከማቸዋል። በ1988 የታተመ የብራድሾውና የባልደረቦቹ ጥናት፣ ማማዎቹ በቆሙ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከሥራቸው ያሉት ሣሮች ዚንክን የሚቋቋሙ መሆናቸውን አሳይቷል። የሚያስደንቀው በአንዱ ማማ ሥር የተሳካለት የሣር ዝርያ በሌላው ማማ ሥር አለመሳካቱ ነው። ማማዎቹ አንድ ናቸው፤ ዚንኩ አንድ ነው፤ በየቦታው በአጋጣሚ የተገኘው የዘር ስንቅ ግን ይለያያል። ልብ በሉ፤ የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮም በዚሁ በዚንክ የተለበጠ ነው። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን አንድ አስተዋይ ተማሪ «እንዲህ ከሆነ መርዝ የሚቋቋመው ሣር ለምን መስኩን ሁሉ አይወርሰውም? ተራው ሣርስ ብናኙን በነፋስ እየላከ የማውጫውን ሣር ለምን አያበላሸውም?» ብሎ ቢጠይቀኝ ደስ ይለኛል። መልሱ ድሩስ-ኧ-ኮይድ በምትባል ጠባብ የዌልስ ሸለቆ ውስጥ ባለች ትንሽ የመዳብ ማውጫ ላይ ተገኝቷል። በሸለቆው ውስጥ ነፋሱ በአብዛኛው የሚነፍሰው በአንድ አቅጣጫ ነው። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ባለው የማውጫው ድንበር፣ መዳብን የማይቋቋመው ሣር አብቅቶ የሚቋቋመው የሚጀምረው በአንድ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ነው። አንድ እግርህን ከአንዱ፣ ሌላውን ከሌላው ላይ ማኖር ትችላለህ። ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ግን የመዳብ ቻዩ ዘር ከመቶ ሃምሳ ሜትር በላይ ወደ ንጹሑ ግጦሽ ዘልቆ ይገኛል፤ ብናኙን ነፋሱ ወስዶታልና።

ከዚህ የሚቀጥለው ነገር የጥናቱ ዋና ፍሬ ነው። በንጹሑ መስክ ላይ ከቆሙት ሣሮች የተለቀመው ዘር ሲበቅል ከወላጆቹ ይልቅ መዳብ ቻይ ነው፤ ሣሩ ካደገ በኋላ ግን ይህ ብልጫ አይታይም። ስለዚህ በቡቃያነትና በጎልማሳነት መካከል መዳብ ቻዮቹ እየተለዩ ይጠፋሉ ማለት ነው። መርዝ በሌለበት ሜዳ መርዝ መቋቋም ዕዳ ነው፤ ቻዩ ሣር ከጎረቤቶቹ ጋር በሚያደርገው ሽሚያ ይሸነፋል። ማውጫው ላይ ደግሞ ሁኔታው የተገላቢጦሽ ነው፤ በነፋስ የመጣው ተራ ዘር በየዓመቱ ይበቅላል፤ በየዓመቱም ይሞታል። ድንበሩ እንደ ተሳለ የሚኖረው በየክረምቱ በሁለቱም ወገን በሚደርሰው እልቂት ነው። «ለመደ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ሞት ይሸፍነዋል፤ ቅሬታዬም ይህ ነው።

ትሬሎጋን በተባለው የዚንክና የእርሳስ ማውጫ ላይ ደግሞ አንቶክሳንተም የተባለ ሣር የሚያብበው ከጥቂት ሜትሮች ማዶ ካለው የራሱ ዝርያ አንድ ሳምንት ገደማ ቀድሞ ነው። ቀድሞ ያበበ ብናኝ አይለዋወጥም፤ የልጆቹም ችሎታ አይቀየጥም። ከዚህም በላይ የማውጫው ሣር በራሱ ብናኝ የመራባት ዝንባሌው ይበልጣል። ይህን በ1960ዎቹ ካጠኑት አንዱ የነበረው ያኒስ አንቶኖቪክስ ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ ወደዚያው ድንበር ተመልሶ፣ የአበባው ጊዜ ልዩነት ያው እንደሆነ በ2006 አሳተመ። አንድ ተመራማሪ በወጣትነቱ የለካውን መስመር በሽምግልናው ተመልሶ ሲለካው ማሰብ፣ እኔን በግሌ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ይልቅ ይነካኛል።

ሣሩ በውስጡ ምን ያደርጋል ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ብረቱና እንደ ዝርያው ይለያያል። እንደ ኒኬል ያለውን ብረት ወደ ቅጠላቸው ስበው የሚያከማቹ ዕፅዋት በዓለም ላይ አሉ፤ ሣሮች ግን በአብዛኛው የዚህ ተቃራኒ ናቸው። ብረቱን ሥራቸው ላይ አስቀርተው፣ ከፊሉን ከሕዋሱ ግድግዳ ጋር አጣብቀው፣ ከፊሉን በሕዋሱ ውስጥ ባለው ቫኩኦል በተባለው ከረጢት ውስጥ ዘግተው ይይዙታል። በ1985 የተገኙት ፋይቶኬላቲን የተባሉ ትናንሽ ሰንሰለቶች በያዙት ሰልፈር አማካይነት እንደ ካድሚየም ያለውን ብረት ጠፍረው ያስራሉ፤ ይሁን እንጂ ይህ መሣሪያ የዕፅዋት ሁሉ የጋራ ሀብት ነው እንጂ የማውጫው ሣር ልዩ ምሥጢር አይደለም። እጅግ የሚያምረው ምሳሌ የአርሰኒክ ነው፤ ምንም እንኳ አርሰኒክ በኬሚስቶች ዘንድ ሙሉ ብረት ተብሎ ባይቆጠርም። አርሰኔት በቅርጹ ፎስፌትን ስለሚመስል፣ ሥሩ ፎስፌት በሚያስገባበት በር ተመሳስሎ ይገባል። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ አሮጌ ማውጫዎች ላይ የሚበቅለው ሆልከስ የተባለ ሣር ያገኘው ዘዴ ይህን በር ማጥበብ ነው፤ መርዙ እንዳይገባ ሲል ምግቡንም በዝግታ ይወስዳል። ይህ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሜሃርግና በማክኔር የተገለጸ ሲሆን፣ ጠባዩ በአብዛኛው በአንድ ዋና ጂን የሚወሰን ነው።

ወደ ሁለተኛው ክርክሬ ልለፍ። «ሣሩ ለመደው» የሚለው አስተሳሰብ ከፈተና ወረቀት አልፎ ወደ ኑሮ ሲገባ «እንግዲያስ መሬቱ ዳነ» ወደሚል መደምደሚያ ይወስዳል። በእኔ እምነት ይህ ከመጀመሪያው ስሕተት የከፋ ነው። ብረት እንደ ቅጠል አይበሰብስም፤ ሣር አይፈጨውም። ብራድሾውና ባልደረቦቹ ከማውጫ ሣሮች ሦስት የሚዘሩ ዓይነቶችን አውጥተዋል፦ ኖራማ ለሆነ የእርሳስና የዚንክ ዝቃጭ ሜርሊን፣ አሲዳማ ለሆነው ጎጊናን፣ ለመዳብ ደግሞ ፓሪስ፤ ይህ የመጨረሻው ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይ መዲና ሳይሆን አንግልሲ ደሴት ላይ ካለ የመዳብ ተራራ ነው። ዓላማቸውም አፈሩን ማጽዳት አልነበረም፤ አቧራው በነፋስ እንዳይነሣ፣ ዝቃጩ በጎርፍ ወደ ወንዝ እንዳይገባ ማልበስ ነበር። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ አልክድም። ነገር ግን የለበሰ መሬት የነጻ መሬት አይደለም።

ጃፓን በቶያማ አውራጃ በጂንዙ ወንዝ ዳር የሆነው ይህን በግልጽ ያሳያል። ከላይኛው ተፋሰስ ከካሚዮካ ማዕድን ማውጫ የወረደው ካድሚየም በመስኖ ወደ ሩዝ ማሳ ገባ። ሩዝ የሣር ቤተሰብ ነው። አብቦ፣ አፍርቶ፣ ታጨደ። የበሉት ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ አጥንታቸው ሳስቶ በቀላሉ ይሰበር ጀመር። የበሽታው ስም «ኢታይ-ኢታይ» ሆነ፤ ታማሚዎቹ የሚያሰሙት «አመመኝ፣ አመመኝ» የሚል ጩኸት ነው። የጃፓን መንግሥት መንስኤው ካድሚየም መሆኑን በይፋ የተቀበለው በ1968 ነው። ካድሚየሙ ወደ ሩዙ የሚገባው በአመዛኙ ለማንጋኒዝ በተሠራ በር መሆኑ የታወቀው ደግሞ ቆይቶ በ2012 ነው። ተክሉን ሳያጠወልግ በላተኛውን የሚጎዳ መጠን አለ፤ ካድሚየምን አደገኛ የሚያደርገውም ይህ ነው።

ጤፍም፣ ስንዴም፣ ገብስም፣ ማሽላም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። የአቃቂ ወንዝ የአዲስ አበባን የፋብሪካና የመኖሪያ ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ በዚሁ ውኃ በሚለሙ አትክልቶች ውስጥ ከባድ ብረታ ብረት መገኘቱን ያመለከቱ ጥናቶች መውጣት ከጀመሩ ከሃያ ዓመታት በላይ አልፏል። የቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳውን የሚያለፉት በክሮሚየም ነው። በእንዲህ ያሉ ወንዞች ዳር ከብት ሲግጥ፣ ሣር ታጭዶ ለከተማ ላሞች መኖ ሲሸከም እናያለን። (ለበዓል የምንጎዘጉዘው ቄጠማ በዕፅዋት ተመራማሪ ዓይን ሣር አይደለም፤ የሚበቅለው ግን እዚያው ነው።) «እንዲህ የለመለመ ሣር ምን ችግር አለበት?» የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ዌልስ ትዝ ይለኛል። ሣሩ መርዛም ነው እያልኩ አይደለም፤ ሳይለኩ እንዲህ ማለት ያው ተመሳሳይ ስሕተት ነው። የምለው ልምላሜው ለየትኛውም ወገን ምስክር ሊሆን አይችልም ነው። ምስክሩ የላቦራቶሪ ቁጥር ነው፤ ከሥሩ ብቻ ሳይሆን ከብቱ ከሚበላው ቅጠልና ቅጠሉ ላይ ከተጣበቀው ጭቃ ጭምር የተወሰደ ቁጥር።

በደቡብ ምዕራብ አገራችን ለአፈር ጥበቃ የሚተከለው ቬቲቨር ሣር ከባድ ብረታ ብረትን በመቋቋምና አብዛኛውን ሥሩ ላይ በማስቀረት የታወቀ በመሆኑ፣ ለተበከለ ቦታ ልብስነት ቢታሰብ አልቃወምም። ነገር ግን የሚተከለው ቬቲቨር ዘር አፍርቶ አይራባም፤ እየተገነጠለ ይተከላል። ስለዚህ ከላይ እንዳየነው አግሮስቲስ በቦታው እየተመረጠ ይሻሻላል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ያለው ይዞት የመጣው ብቻ ነው።

ከዚያ ይልቅ ለተማሪዎች የማሳስበው በየደጃችን ስላለው ሰርዶ ነው። ሰርዶ በደቡብ ቻይና ጓንግዶንግ ውስጥ በእርሳስና በዚንክ ዝቃጭ ላይ በቅሎ የተጠና ሣር ነው። ስለ ቆርቆሮው ያነሣሁትም ለዚህ ነበር። ብዙ ዓመት ባገለገለ ቆርቆሮ ጠብታ ሥር ያለው ሰርዶ፣ ከማንኛውም ጣሪያ ርቆ ካለው ሰርዶ ይልቅ ዚንክ ይቋቋም ይሆን? ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ዊልኪንስ የተባለ ተመራማሪ በ1957 ያስተዋወቀው ዘዴ የሚጠይቀው ማስመሪያ ነው፤ ሥሩ ብረት ባለበት ውኃ ውስጥ ያደገውን ርዝመት፣ በሌለበት ውኃ ውስጥ ካደገው ጋር ማካፈል ብቻ ነው። ከሁለቱም ቦታ የተወሰዱትን ሐረጎች መጀመሪያ በአንድ ዓይነት ንጹሕ አፈር ላይ ለተወሰኑ ሳምንታት አብቅሏቸው፤ አለዚያ የምትለኩት የተወረሰውን ሳይሆን የመጡበትን ቦታ ይሆናል። ከዚያም አንጓዎቹን ቆርጣችሁ፣ ከየተክሉ ግማሹን ጥቂት ዚንክ ሰልፌት በገባበት፣ ግማሹን ባልገባበት ውኃ ውስጥ ሥር እንዲያወጡ አድርጉ። መጠኑን ከመምህራችሁ ጋር ወስኑ፤ በእርሳስ ግን አትሞክሩት። ሰርዶ በሐረጉ ስለሚስፋፋ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኘው ሁሉ የአንድ ተክል አካል ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከአንድ ጣሪያ ሥር ዐሥር ናሙና ከመውሰድ ከዐሥር ጣሪያዎች ሥር አንድ አንድ መውሰድ ይሻላል።